የመንገድ መብራት ቀለም፦ በጨረታ ሰነድ ውስጥ ያለችው አንዲት ቁጥር

አምፖል ለመግዛት ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ጎራ ያለ ሰው «ዋርም ይሁን ዴይላይት?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ካርቶኑን አዙሮ ቢመለከት ከዋቱ አጠገብ 3000 ወይም 6500 የሚል ቁጥር፣ ከቁጥሩም ቀጥሎ ኬልቪን የተባለውን መለኪያ ያገኛል። ለሳሎን ወይም ለመኝታ ቤት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ገዢው ቀለሙን ካልወደደው በማግስቱ ፈትቶ በሌላ ይተካዋል። ከተማ ግን ይህችኑ ቁጥር በጨረታ ሰነዱ ቴክኒካዊ ዝርዝር ውስጥ አንድ ጊዜ ጽፎ በሺዎች በሚቆጠሩ ምሰሶዎች ላይ ይሰቅላታል፤ ከዚያ በኋላ ሐሳብ መለወጥ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል።

የጊዜው ርዝመት በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ሌሊቷ በክረምትም ሆነ በበጋ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ በመሆኑም አንድ የመንገድ መብራት በዓመት ወደ 4,400 ሰዓት ያህል ይበራል። አምራቾች ለኤልኢዲ የመንገድ መብራት በአብዛኛው ከ50,000 እስከ 100,000 ሰዓት የሚደርስ ዕድሜ ስለሚሰጡት፣ ዛሬ የተሰቀለ መብራት በተባለለት ልክ ከሠራ ከ11 እስከ 22 ዓመት በቦታው ይቆያል። ዛሬ የተወለደ ሕፃን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስኪጨርስ በዚሁ ብርሃን ሥር ሊያድግ ይችላል ማለት ነው።

ቁጥሯ የምትናገረው ስለ መብራቱ ግለት አይደለም። ነገሩን ለመረዳት አንጥረኛ ቤት መግባት ይበቃል። ብረቱ ፍም ውስጥ ገብቶ ወናፉ ሲነፋ መጀመሪያ ደም ይመስላል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ እጅግ ሲግል ደግሞ ነጭ ይሆናል። ብረቱ ሳይተን ከዚያም በላይ ማጋል ቢቻል ኖሮ ነጩ ወደ ሰማያዊ ባደላ ነበር። እንግዲህ አንድ መብራት 3000 ኬልቪን ነው ሲባል፣ ብርሃኑ የጋለ አካል በዚያ ሙቀት ላይ ሲደርስ የሚኖረውን ቀለም ይመስላል ማለት ነው እንጂ መብራቱ ራሱ ያን ያህል ግሏል ማለት አይደለም። የሻማና የኩራዝ ብርሃን 1900 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ በየመንገዱ ለዓመታት የኖረው ብርቱካናማው የሶዲየም መብራት 2000ን ጥቂት ያልፋል፤ የቀድሞው ባለ ሽቦ አምፖል 2700፣ የቀትር ፀሐይ 5500 ገደማ፣ የደመናማ ቀን ሰማይ ደግሞ 6500 ይደርሳል።

እዚህ ላይ ሰውን ሁሉ የሚያደናግር የቃላት ግጭት አለ። በተለምዶ «ሞቃት» የምንለው ቢጫማ ብርሃን ዝቅተኛ ቁጥር አለው፤ «ቀዝቃዛ» የምንለው ሰማያዊ ቀመስ ነጭ ደግሞ ከፍተኛ ቁጥር። በስብሰባ ላይ አንዱ «ሙቀቱ ከፍ ይበል» ሲል ሌላው በቁጥሩ ተርጉሞት የተፈለገው ተገልብጦ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ በቃል ከመነጋገር በቁጥር መነጋገር ይሻላል። ቁጥሮቹም እኩል አይራመዱም፤ በ2700 እና በ3000 መካከል ያለውን የ300 ልዩነት ዓይን በቀላሉ ሲለየው፣ በ6000 እና በ6300 መካከል ያለውን ግን ልብ የሚል ሰው አይገኝም።

ነጭ ኤልኢዲ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የቀረውን ክርክር ሁሉ ይከፍተዋል። በውስጡ ያለችው ትንሽ ቺፕ የምታወጣው ነጭ ብርሃን ሳይሆን የሞገድ ርዝመቱ 450 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ደማቅ ሰማያዊ ነው። በላይዋ ላይ ፎስፈር የሚባል ቢጫማ ቅብ ይደረግባታል፤ ቅቡ ከሰማያዊው የተወሰነውን ውጦ ቢጫና ቀይ አድርጎ ይመልሰዋል፤ ሳይዋጥ ያለፈው ሰማያዊ ከዚህ ጋር ሲደባለቅ ለዓይን ነጭ ይመስላል። ቅቡ ብዙ ሰማያዊ ከዋጠና ቀዩን ካበዛ ውጤቱ 2700 ወይም 3000፣ ጥቂት ብቻ ከዋጠ 5000 ወይም 6500 ይሆናል። ይህን አሠራር ማንም ሳያስበው በአደባባይ ያሳየው አንድ ብልሽት ነበር፤ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በበርካታ የአሜሪካና የካናዳ ከተሞች የመንገድ መብራቶች በድንገት ወይን ጠጅ መሆን ጀመሩ። ነዋሪው ለበዓል ወይም ለኳስ ቡድን ድጋፍ መስሎት ነበር፤ ምክንያቱ ግን የፎስፈሩ ቅብ ከቺፑ ላይ መላቀቁና ከሥር ተሸፍኖ የኖረው ሰማያዊ መውጣቱ ነው። በየምሰሶው ላይ ባለው ነጭ መብራት ውስጥ ያ ሰማያዊ ሁልጊዜም አለ፤ የቀለም ምርጫ ማለት ምን ያህሉ ይለፍ የሚለውን መወሰን ነው።

ታዲያ ብዙ ከተሞች መጀመሪያ ላይ ለምን 4000ን ያህል መረጡ? መልሱ የኤሌክትሪክ ሂሳብ ነው። ፎስፈር ሰማያዊውን ወደ ቀይ ሲለውጥ ጉልበት ስለሚባክን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞቃት ቀለም ያለው ኤልኢዲ በአንድ ዋት የሚሰጠው ብርሃን ከቀዝቃዛው በግልጽ ያንስ ነበር። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ140,000 በላይ መብራቶችን በ4000 ኬልቪን አካባቢ ባሉ ኤልኢዲዎች ስትተካ ፍጆታዋ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ሌሎችም ተከተሏት። ዛሬ ያ ክፍተት ጠብቦ በመቶኛ ሲታይ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ቀርተውታል። ከሶዲየም ወደ ኤልኢዲ በመሄድ የሚገኘው ቁጠባ ትልቅ ነው፤ ከ3000 ወደ 4000 በመሄድ የሚጨመረው ግን ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የቁጠባ ክርክር ዛሬም ከአሥር ዓመት በፊት በነበረው ቁጥር ሲቀርብ ማየት የተለመደ ስለሆነ፣ አቅራቢው የሚያወዳድረው የትኛውን ዘመን ዕቃ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

በካሊፎርኒያ የምትገኘው ዴቪስ ከተማ ትምህርቱን በገንዘቧ ገዝታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2014 በመኖሪያ ሰፈሮቿ 4000 ኬልቪን መብራቶች መተከል እንደጀመሩ ቅሬታው ጎረፈ፤ ሰዎች ብርሃኑ ዓይን እንደሚያጥበረብርና ወደ መኝታ ቤታቸው እንደሚገባ አመለከቱ። ከተማዋ በመጨረሻ ገና አዲስ የሆኑትን በመቶዎች የሚቆጠሩ መብራቶች አውርዳ በ2700 ኬልቪን ለመተካት ተገደደች፤ ይህም ወደ 350,000 ዶላር ገደማ አስወጣት። ኒው ዮርክም ከኩዊንስና ከሌሎች ሰፈሮች ተመሳሳይ አቤቱታ ከሰማች በኋላ ለመኖሪያ መንገዶች ወደ 3000 ወርዳለች። ሞንትሪያል ከ130,000 በላይ ለሚሆኑ መብራቶቿ 4000ን አስባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ሐሳቧን ቀይራ 3000ን መረጠች። ፊኒክስ ደግሞ የነዋሪዎቿን አስተያየት ከሰበሰበች በኋላ ወደ 100,000 ለሚጠጉ መብራቶች 2700ን ወስናለች፤ በእኔ ግምት ከሁሉ ብልህ የሆነው አካሄድ የእርሷ ነው።

የክርክሩ ማዕከል የሆነው ሰነድ የወጣው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ከተሞች ከ3000 ኬልቪን የማይበልጥ መብራት እንዲጠቀሙ፣ መብራቱም ወደ ጎንና ወደ ላይ እንዳይረጭ እንዲከለልና በማይፈለግበት ሰዓት እንዲደበዝዝ መከረ። በማኅበሩ አኃዝ መሠረት 4000 ኬልቪን ኤልኢዲ ከሚያወጣው ብርሃን 29 በመቶው፣ ከ3000 ደግሞ 21 በመቶው ሰማያዊ ነው። ምክሩ የተመሠረተው ከዓይናችን ብርሃን ተቀባዮች መካከል ለማየት የማያገለግሉ፣ ይልቁንም ለአንጎል «ነግቷል» የሚል መልእክት የሚያደርሱ ሕዋሳት በመኖራቸው ላይ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ይበልጥ የሚነቁት በ480 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ሰማያዊ ሲሆን፣ ሲነቁ እንቅልፍን የሚያመቻቸው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ይገታል። እውነቱን ለመናገር፣ ተኝቶ ስልኩን ፊቱ ላይ የሚያበራ ሰው በመጋረጃው ቀዳዳ የሚገባውን የመንገድ መብራት መውቀስ አይችልም። ነገር ግን ስልክ ይጠፋል፤ ከመስኮት ፊት ለፊት የቆመ ምሰሶ እስኪነጋ ይበራል፣ ባለቤቱም የሚተኛው ሰው አይደለም።

ለነጩ የሚቀርበው ከባዱ መከራከሪያ የማየት ጉዳይ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። በዓይናችን ውስጥ በቀን ቀለምንና ጥቃቅን ነገርን የሚለዩ ሕዋሳትና በጨለማ ቀለም ሳይለዩ እንቅስቃሴን የሚይዙ ሌሎች ሕዋሳት አሉ። በመንገድ መብራት ሥር ሁለቱም በከፊል ይሠራሉ፤ የጨለማዎቹ ደግሞ ለሰማያዊና ለአረንጓዴው ወገን ይበልጥ ንቁ ናቸው። ስለዚህ ሾፌር ፊት ለፊት እያየ ሳለ ከእግረኛ መንገድ ድንገት የሚወርድ ሰው በጠርዝ እይታው ሲገባ ነጭ ብርሃን ያግዘዋል። በዚህ ላይ ቀለም የመለየት ጉዳይ አለ። በሶዲየም መብራት ሥር የቆመ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ሰማያዊው ጥቁር፣ ነጩ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ አደጋ አድርሶ የሸሸን መኪና ቀለም ምስክር ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ነጠላም ቅባኑግ የነካው ይመስላል። ባለሙያዎች ቀለም የማሳየት ችሎታን ከ100 ሲለኩት ሶዲየም ከ20 እስከ 25 አካባቢ ሲያገኝ፣ የመንገድ ኤልኢዲ በአብዛኛው 70ና ከዚያ በላይ ያገኛል። ልብ መባል ያለበት ግን ይህ 70 በ3000ም በ4000ም የሚገኝ መሆኑ ነው። በጠርዝ እይታም ቢሆን ትልቁ ዝላይ ከሶዲየም ወደ 3000 የሚደረገው ነው፤ ከ3000 ወደ 4000 ያለው ቀሪ ጭማሪ ትንሽ ነው። ለነጭ የሚቀርበው ክርክር ትክክል ሆኖ ሳለ ለ4000 የሚቀርብ ክርክር አድርጎ መውሰዱ ነው ስህተቱ።

ትንሹ ጭማሪ ደግሞ በነጻ አይገኝም። ሰማያዊ ብርሃን በዓይን ውስጥ ይበልጥ ይበተናል፤ ሌንሱ በዕድሜ ለደነገዘ ወይም የዓይን ሞራ ለጀመረው ሰው ይህ መበተን እንደ ጭጋግ ሆኖ ፊት ለፊቱ ያለውን ይጋርደዋል። ወጣት መሐንዲስ ምሽት ላይ ቆሞ «ጥርት ያለ ነው» ያለው መብራት ለሰባ ዓመት አዛውንት ዓይን የሚወጋ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ጉም የሚነገረው ግን በአብዛኛው ልማድ ነው። ክረምት በእንጦጦ ጥግ ባሉ ሰፈሮች ላይ ጉም ሲወርድ ቢጫ ብርሃን ጉሙን ሰንጥቆ እንደሚያልፍ ብዙ ሾፌሮች ያምናሉ። የጉም ጠብታ ግን ከብርሃን ሞገድ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ቢጫውንም ሰማያዊውንም እኩል ይበትናል፤ በጉም ውስጥ የሚያጥበረብረው የብርሃኑ ብዛትና አቅጣጫ ነው። በጠራ አየር ውስጥ ያለው ታሪክ ሌላ ነው። የአየር ቅንጣቶች አጭር ሞገድን እጅግ አብልጠው ስለሚበትኑ፣ የ450 ናኖሜትር ሰማያዊ ከ600 ናኖሜትሩ ብርቱካናማ ሦስት እጥፍ ያህል ይበተናል፤ ቀን ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው ይኸው ሕግ ሌሊት የከተማን ሰማይ ወተት ያስመስለዋል።

ይህ ለእኛ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አይደለም። በእንጦጦ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ይገኛሉ፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከሥራቸው ተዘርግታለች። ከዚያ ኮረብታ ደብዛዛ ኮከብ የሚፈልግ ተመራማሪ ከታች በተሰቀለው ቁጥር ይጎዳል ወይም ይጠቀማል። የተሻለ ጨለማ ፍለጋ ለትልቅ ቴሌስኮፕ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ሲታሰቡ መቆየታቸው ይታወቃል፤ ወደዚያ የሚደርሰው የመንገድ መብራትም ቢሆን ዛሬ በሚጻፍ ዝርዝር ይገዛል። ፈረንሳይ ይህን በሕግ አስራዋለች፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ባወጣችው ደንብ የውጭ መብራት በአጠቃላይ ከ3000 ኬልቪን እንዳይበልጥ፣ በተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች ባሉ መንደሮች 2700፣ በእነዚሁ ቦታዎች ከመንደር ውጭ ደግሞ 2400 ጣሪያ እንዲሆን ደንግጋለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቁጥሯን ብቻ ማምለክ ሌላ ስህተት ነው። የሰሜን አሜሪካ የብርሃን መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 የሐኪሞቹን ምክር የተቸው በዚህ ነጥብ ሲሆን፣ ትችቱ ፍሬ አለው። የቀለም ሙቀት የሚነግረን ብርሃኑ ለዓይን ምን እንደሚመስል እንጂ ስንት ሰማያዊ በውስጡ እንዳለ በትክክል አይደለም፤ እኩል ቁጥር ያላቸው ሁለት መብራቶች የተለያየ የሰማያዊ ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። ከሁሉም በላይ የብርሃኑ ጠቅላላ መጠን አለ። ቀደም ሲል በጠቀስነው አኃዝ ብንሄድ፣ 29 በመቶ ሰማያዊ ያለው የ4000 መብራት በግማሽ ቢደበዝዝ የሚያወጣው ሰማያዊ፣ በሙሉ ጉልበት ከሚበራ እኩል የ3000 መብራት ያነሰ ይሆናል። ሶዲየምን አውርደው በምትኩ እኩል ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያለው ኤልኢዲ የሰቀሉ ከተሞች ብዙ ጊዜ ያገኙት ቅሬታ ስለ ቀለም የቀረበ ቢመስልም በከፊል ስለ ብዛት ነው፤ ኤልኢዲ ብርሃኑን በታለመለት ቦታ ላይ ስለሚጥል ያው ሉመን መንገዱ ላይ ሲደርስ ይበዛል።

የአሪዞናዋ ቱሳን ይህን በጥሩ ሁኔታ አሳይታለች። ወደ 20,000 የሚጠጉ መብራቶቿን በ3000 ኬልቪን ኤልኢዲ ከተካች በኋላ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እንዲደበዝዙ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ተመራማሪዎች ለአሥር ሌሊቶች የማደብዘዣውን መጠን እየቀያየሩ ከተማዋን በሳተላይት ሲመለከቱ፣ ከላይ ከሚታየው ብርሃን ውስጥ የመንገድ መብራት ድርሻ ከአምስት አንድ እንኳ እንደማይሞላ አገኙ። የቀረው ከማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከመኪና ማቆሚያ፣ ከሕንፃና ከስታዲየም የሚወጣ ነው። በየሕንፃው ፊት እስኪነጋ የሚንቦገቦጉትን የማስታወቂያ ስክሪኖች ያየ ሰው ይህ ለምን እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም።

ስለዚህ በጨረታው ላይ አንድ ቁጥር መጻፍ በቂ አይደለም። በእኔ አስተያየት ለመኖሪያ ሰፈር መንገዶች 2700፣ ለዋና ዋና ጎዳናዎች ከ3000 ያልበለጠ ቢባል ከሚገኘው ጥቅም ብዙም የሚጎድል የለም። ከቁጥሩ ጋር ግን መብራቱ ከአግድም መስመር በላይ ብርሃን እንዳይለቅ፣ ለመብራቱ ኃይል የሚመጥነው ድራይቨር የተባለው ክፍል ማደብዘዝ የሚችል እንዲሆን፣ የሚፈቀደው የሰማያዊ ድርሻም በመቶኛ እንዲገለጽ መጠየቅ አለበት። ከተጻፈው ቁጥር የሚፈቀደው ልዩነትም ይታይ፤ በአሜሪካ መስፈርት «3000» ተብሎ የሚሸጥ መብራት ከ2870 እስከ 3220 ሊደርስ ይችላል፤ በሁለት ዙር የገባ ዕቃ በአንድ ጎዳና ላይ ጎን ለጎን ሲሰቀል ልዩነቱ ለዓይን ያስታውቃል። የወደፊት መለዋወጫም በዚሁ ዝርዝር ካልታሰረ ከአምስት ዓመት በኋላ የተቃጠለ መብራት በገበያ ላይ በተገኘው 6500 ተተክቶ ጎዳናው ጥርሱ እንደተቀላቀለ ማበጠሪያ ይሆናል።

ውሉ ከመፈረሙ በፊት ደግሞ ሙከራ ይቅደም። አንድ ረዘም ያለ መንገድ ተመርጦ በስድስት ስድስት ምሰሶ 2700፣ 3000ና 4000 ይሰቀል፤ ሦስቱም እኩል ሉመን ይኑራቸው፣ ካልሆነ ሰው የሚመርጠው ቀለሙን ሳይሆን ብዛቱን ይሆናል። ለዓመታት ብርቱካናማ የለመደ ዓይን በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ነጭ ነገር ሁሉ ስለሚማርከው ጥያቄው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይቅረብ። የሚጠየቁትም በመኪና የሚያልፉት ብቻ ሳይሆኑ መስኮታቸው ከመብራቱ ጋር እኩል የሆነ የፎቅ ነዋሪዎች፣ ሌሊቱን በር ላይ የሚያድሩ ጥበቃዎች፣ ከምሰሶው ሥር በቆሎ የሚጠብሱ እናቶችና መነጽር የሚያደርጉ አዛውንቶች ይሁኑ። ከሙከራው ሌሊቶች ቢያንስ አንዱ ዝናባማ መሆን አለበት፤ እርጥብ አስፋልት ብርሃኑን እንደ መስታወት ወደ ሾፌሩ ዓይን ስለሚመልሰው፣ በደረቅ ምሽት የተወደደው መብራት በዚያ ሌሊት ሌላ ሆኖ ይገኛል።